ሐጂ ባሕሩዲን ያልሰሙት ድምፅ

የሐጂ ባሕሩዲን እንጀራ ጆሯቸው ነው። የስፌት መኪናም ይሁን ወፍጮ ሲመጣላቸው ለመፍታት አይቸኩሉም። የወይራ በትራቸውን አንድ ጫፍ ብረቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሌላውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ በሽታውን ይናገራሉ። የመንግሥት ሹም እንኳ በሚያምነው የምስክር ወረቀታቸው ላይ፣ ባልሰሙት ነገር ማኅተማቸውን መትተው አያውቁም።

በ1927 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ጦሩ ወደ ኦጋዴን በሚወርድበት ሰሞን፣ የመንግሥት መልእክት አመላላሹ እንደሻው ሞተር ብስክሌቱን እየገፋ ፈረስ መጋላ ካለው ሱቃቸው ደረሰ። ዕለቱ ሰኞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሐጂ፣ ውስጡ ቋ ቋ የሚል ነገር አለ። ሐሙስ ደግሞ ጅጅጋ ውረድ ተብያለሁ። በረሃ ላይ ቢቆምብኝ አለቀልኝ።»

«አስነሳው እስቲ።»

በትራቸውን ነክሰው አዳመጡ። «ምንም የለውም፣ ልጄ።»

«ይኸው እኮ! አሁንም አለ! አይሰማዎትም?»

ሐጂ ደነገጡ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ አባታቸው የደነቆሩት በዚህ ዕድሜ ነበር።

ማክሰኞ ሞተሩን ፈትተው፣ አጥበው፣ መልሰው ገጠሙት። እንደሻው ግን ገና ሲነሳ «ይኸው!» አለ። ሐጂ ምንም አልሰሙም። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ረቡዕ ጠዋት ከግንቡ ማዶ የስፌት መኪና ሲንቋቋ ሰምተው ወደ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ ተጣሩ። «ዐብዱራሕማን! መኪናህ ዘይት ጠምቶታል፣ ኧረ አጠጣው!»

ልጃቸው ሐዲያ ሳቀች። «ይኸው ይሰማሉ፣ አባ!»

«ይሄንንማ ማንም ይሰማዋል። የጠፋኝ ቀጭኑ ድምፅ ነው።»

«እንግዲያው አልሰማሁም ይበሉት።»

«እሱን ብዬ በዚሁ ሞተር ሄዶ ቢሞትስ? ወላሂ፣ ደሙ በእኔ ነው!»

ከሰዓት በኋላ እንደሻው መጣ። ሐጂ በትራቸውን ነከሱ፤ ብዙ ቆዩ።

«ሰማሁት» አሉ። በዚህ ሥራ ሲዋሹ የመጀመሪያቸው ነበር። ሞተሩ ለሩቅ መንገድ እንደማይሆን ጽፈው ማኅተም መቱ። እንደሻው ጉልበታቸውን ስሞ ወረቀቱን ይዞ ወደ አለቃው ሮጠ።

ሐጂ በትሩን ለሐዲያ ሰጧት። «ማገዶ አድርጊው። ከነገ ጀምሮ ሱቁን አንከፍትም።» ሐዲያ አለቀሰች፤ እሳቸው ግን መዝጊያውን ከውስጥ ቀረቀሩ።

አመሻሹ ላይ የእንደሻው ሚስት እልፍነሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«እህ? ጅጅጋ መሄዱ ቀረ?»

«ቀረ! እኔ የፈጠርኩትን ድምፅ ሐጂ ሰማሁት ብለው ማኅተማቸውን መቱልኝ።»