መርዶ በፊሽካ

አባ ኃይለ ማርያም ከመጠለያው ቁልቁል ሲመጡ መዶሻዬ አየር ላይ ቀረ። ቄስ ያለ ጉዳይ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት አይወርድም። እናቴ መጠለያው ውስጥ ታማ ተኝታለች። «የኔን አታድርገው» አልሁ። አባ እኔን አልፈው የአሰጋሽን ጀርባ አዩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልሁ።

አሰጋሽ በአገራችን በከላላ ጎረቤቴ ነበረች፤ ተያይዘን ነው የተሰደድነው። ፍንጣሪው ዓይኗን እንዳይመታት አጎንብሳ ስለምትፈልጥ አላየቻቸውም። ልጇ ንግሥቴ ታማ ከመጠለያው ተኝታለች፤ ታናሹ ውበቱ ደግሞ ከእህቱ ጎን ተቀምጦ እናቱ ማታ ይዛ የምትገባውን ስንዴ ይጠብቃል።

በዚህ ክፉ ዓመት፣ በሰባ ሰባት፣ ለኛ ስንዴ የሚሰፈረው ለወግዲ መንገድ ጠጠር ስንሰብር ነው። ቡድናችን እስኪመሽ የእንጨት ሳጥኑን ከሞላ ለሁላችን ይሰፈራል፤ ከጎደለ ለማንም። ተቆጣጣሪው መለሰ ደግሞ ሥርዓት አምጥቶልናል። ፊሽካ ሲነፋ ቀና ሳይሉ መሥራት፣ እንደገና ሲነፋ ማረፍ። «ሰው ብረት አይደለም፤ ያረፈ ክንድ ነው የሚሠራ» ይላል ሰዓቱን እያየ። ከባዶው ሆዳችን በቀር ሁሉንም አስቦበታል።

አባ የቡድኑን ሽማግሌ አቶ ጀብሪልንና እኔን በእጃቸው ጠሩን። መለሰም ተከትሎን መጣ።

«ንግሥቴ አለፈች» አሉ አባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናንተ እንደወጣችሁ። ለዕለቱ ሟቾች ጉድጓዱ ቀድሞ የተቆፈረ ነበር፤ ፍትሐት አድርሰን ቀበርናት።»

«በሉ መርዶው እስኪነጋ ይቆይ» አሉ አቶ ጀብሪል። «መርዶ ማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጃፏ ላይ።»

«ደጃፍ የት አላትና?» አለ መለሰ። «ማታ ስትገባ ባዶ መኝታ ልታገኝ ነው? አሁን ከነገራችኋት ደግሞ ትጮኻለች። ጩኸት ሰምቶ መዶሻ የሚያነሣ አለ?»

«ማን አንሥቶ! ነውርም አይደል?» አሉ አቶ ጀብሪል።

«እንግዲያው ሳጥኑ አይሞላም። ዕረፍት ላይ ንገሯት። ማንም ሥራ አይፈታም።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አቶ ጀብሪል መሬት መሬቱን እያዩ «ይሁን» አሉ። እኔም የእናቴን ስንዴ አሰብሁና አፌን ያዝሁ።

ወደ ቦታዬ ስመለስ አሰጋሽ ቀና ሳትል «አባ ምን አሉሽ?» አለችኝ።

«ስለ ጾሙ ነው።»

«ለኛ ደሞ ጾም!» ብላ ሳቀች። ከተሰደድን ወዲህ ስትስቅ መስማቴ የመጀመሪያው ነው። «ንግሥቴ ዛሬ ንፍሮ አማረኝ አለችኝ፤ አፏን ከከፈተች ትድናለች አይደል? ማታ እቀቅልላታለሁ።»

ዕረፍት ስንናፍቅ የኖርን ሰዎች ያን ዕለት ፊሽካው ባይነፋ በወደድን። ተነፋ። ወደ ውሃው ጀሪካን የሄደ የለም፤ ሁሉም ወደ እሷ መጣ። ግራ ገብቷት አየችን።

«እታለም» አሉ አቶ ጀብሪል፣ «አብሽሪ።»

ክርስቲያኑም እስላሙም ሐዘንተኛን የሚያጽናናበት ቃል ነው። ሌላ አልጨመሩም። አሰጋሽ እጇን ዘርግታ ልብሴን ጨበጠች።

«የትኛው?» አለችኝ።

«ንግሥቴ።»

ጮኸች። ጠጠሩ ላይ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ደግማ ወደቀች። ከዚያ የአባን ቀሚስ ይዛ «በምን ገነዛችኋት?» አለች። «በምን?»

«በስንዴው ጆንያ፣ ልጄ» አሉ አባ።

አሰጋሽ ቀስ ብላ ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሁለት እጆቿን አነሣች፤ ድምጿ ተሰነጣጥቆ ወጣ፤

«ስንዴ ላጎርስሽ ድንጋይ ስሰባብር...»

የሙሾዋን ማሳረፊያ ስንኝ ሰምተን ልንቀበላት ደረታችን ላይ እጃችንን አደረግን። የሥራው ፊሽካ ተነፋ።

ማንም አልተነቃነቀም። መለሰ ዳግመኛ አልነፋም፤ ገና ግማሽ የሆነውን ሳጥን ብቻ በጣቱ አሳየን። አሰጋሽ ሳጥኑን አየች። ቀጥላ ውበቱ ወዳለበት ወደ መጠለያው አየች። እጆቿን አወረደችና መዶሻዋን አነሣች። ባለሐዘኗ ካነሣች እኛ ምን እንበል? አነሣን።

«ጎበዝ» አለ መለሰ። መዶሻዬን ጥርሱ ላይ ባሳርፈው ደስ ባለኝ።

እሷ አላለቀሰችም። ከንፈሯን ነክሳ ፈለጠች፣ ከሁላችንም አብልጣ ፈለጠች። እኔ ሳያት አለቀስሁ፤ እሷ ግን አንድ ጠብታ የላትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳጥኑ ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ ያኔ የዕረፍቱ ፊሽካ ተነፋ።

አሰጋሽ መዶሻዋን አስቀመጠች። የከንፈሯን አቧራ ጠረገች፣ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች፣ እጆቿን አነሣች፤ ካቆመችበት ቀጠለች፤

«ቀድሞ አፍሽን ሞላው የመቃብር አፈር!»

ተቀበልናት፤ ደረታችንን ቶሎ ቶሎ እየመታን፣ ባንድ ዓይናችን መለሰን እያየን። ፊሽካውን በጥርሱ ይዞ ሰዓቱን ያያል።