የመስታወቱ ቤት ለቅሶ

የልጅ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ የመጡት ወይዘሮ አስካለ፣ ገና ከደጃፉ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ግድግዳው ቀደማቸው።

«እባክዎ ድምፅዎን ይቀንሱ። ስንጥቁ ሁለት ጣት ወደ መስኮቱ ይሄዳል።»

«ማነው ደግሞ ይሄ ስድ?»

«ኮምፒውተሩ ነው፣ እማዬ» ሲል ልጃቸው ማስረሻ አንሾካሾከ። «ሕንፃው መስታወት ነው። ያቺን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየሻት? የትኛው ድምፅ የት ድረስ እንደሚወስዳት አስቀድሞ ያሰላል። ካልሰማነው ከቤቱ ያስወጡናል።»

«እና እልል የማይባልበት ቤት ተከራያችሁ?»

«አሁን ሁሉም ቤት እንዲሁ ነው።»

ቀኑን ሙሉ አንጀታቸው ሲያር ዋለ። ነጭ ሽንኩርት ሊወቅጡ ሙቀጫውን ሲያነሱ ግድግዳው ተናገረ። ሲያስነጥሳቸውም ተናገረ። ምራታቸው «ይማርዎት» ያለቻቸው በከንፈሯ ብቻ ነው።

«በስተርጅናዬ ከግድግዳ ጋር አፍ ልካፈት?» ብለው ተንጨረጨሩ፤ እሱንም በሹክሹክታ።

አመሻሹ ላይ የሁለት ዓመቷ ሶልያና ስትሮጥ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመችው። ወዲያው አበጠ። አያቷ ጩኸቷን ጠበቁ። ልጅቷ አፏን እስከ ጥግ ከፈተች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ዓይኗን ግድግዳው ላይ እንደተከለች ትንቀጠቀጣለች።

«ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አለ ግድግዳው።

«እማዬ፣ በእግዚአብሔር!» አለ ማስረሻ፣ የእናቱን ፊት አይቶ።

ወይዘሮ አስካለ ግን ልጅቷን ብድግ አድርገው ደረታቸው ላይ አስጠጓትና፣ በእሷ ፋንታ እሪ አሉ።