መጀመሪያ የተንኳኳው በር

ሥራነሽ የቆርቆሮውን በር መወርወሪያ ልትስብ እጇን ዘርግታ እዚያው ቀረች። ምስማር በበሳው ቀዳዳ አሾልቃ ስታይ ከደጇ ሰው ቆሟል። አንድ ሰው ቢሆን ደግ፤ ብዙ ናቸው። የእድሩ ሰብሳቢ አያ ይታያል ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከፊት፣ ቄስ ገዳሙ ከጎናቸው፣ የሰፈሩ ሴቶች ከኋላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት።

ገና ፀሐይ ሳትወጣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሰው ደጅ የሚቆም ምን ሊል እንደመጣ ሕፃንም አይጠፋው። መርዶ ነው።

“ሙሉቀን” አለች በሆዷ። ልጇ ነው። ከጎረቤቷ ከምሥራቅ ልጅ ከጌቱ ጋር ወርቅ ቁፋሮ ብለው በፋሲካ ማግስት ወደ ቆላ ወረዱ፤ ይኸው መስቀል አለፈ፣ ድምፃቸው የለም። ስልካቸው ሲደወል የምትመልሰው ያቺ “ሊያገኟቸው አይችሉም” ማለት የማይሰለቻት ሴትዮ ብቻ ናት።

በሩ ተንኳኳ። በጣት ጫፍ፣ ቀስ ብሎ።

“ሥራነሽ፣ ክፈቺልን እቴ” አሉ አያ ይታያል።

አልከፈተችም። ሞኝ አትበሏት። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ልጇ አልሞተም። ያልወለደ ሰው በዚህ ይስቅ እንደሆነ ይሳቅ።

ድሮም ይህን ሰፈር ልቧ አልወደደውም። ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረ፣ ከደብረ ማርቆስ ጫፍ ለቤት ማኅበር ተብሎ የተሸነሸነ፣ ስም እንኳ ያልወጣለት ቦታ። ግማሹ ቤት ባለቤቱ ጀምሮ ትቶት የሄደ ነው፤ መስኮቱ ክፍቱን ቀርቶ ነፋስ ሲገባበት ሰው የሚጣራ ይመስላል። ስንት ማለዳ “አቤት!” ብላ ወጥታለች፣ ሙሉቀን የጠራት መስሏት። የሚጠብቃት ጉም ብቻ ነው። ሰዉ ከይጁቤም ከአማኑኤልም፣ ከየገጠር ከተማው ተሰባስቦ በየቆርቆሮ አጥሩ ውስጥ ይኖራል፤ ከእድር ቀን በቀር አይተያይም። ምሥራቅ ባትኖርላት ይህን ጊዜ አብዳ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለሁለቱ የተባለ ነው። በየማለዳው በአጥሩ ስንጥቅ “ደወሉ?” ትላለች አንዷ። “አልደወሉም” ትላለች ሌላዋ። እንዴት አደርሽ የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው።

“ልጄ፣ ብርዱ ጸናብን” አሉ ቄስ ገዳሙ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሥራነሽ ነጠላዋን አወረደችና በገዛ እጇ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ መወርወሪያውን ሳበች።

“ንገሩኝ። ሙሉቀን ነው አይደል?”

አያ ይታያል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው የምሥራቅን አጥር አዩ።

“ቀስ በይ። እንዳትሰማ።”

“ማን?”

“ምሥራቅ ናታ። ጌቱ ነው፣ እቴ። ጉድጓዱ ተናደበት።”

መርዶ ለማርዳት የሚሄድ ሰው ቀድሞ የሚሰባሰበው ከጎረቤት ቤት ነው። ሥራነሽ ይህን አጥታው አይደለም፤ ስንቱን መርዶ ስታረዳ ኖራለች። ፍርሃት አስረስቷት ነው።

“የኔስ ልጅ?”

“ያንቺ ደህና ነው። አውጥቶ የቀበረውም፣ ማታ ለኔ የደወለውም እሱ ነው። እናቴ ችላ አትይዘውም፣ ለርስዎ ልንገር አለኝ።”

“ተመስገን” አለች ሥራነሽ።

አፏ ነው ያለው። አምልጧት፣ ድምፅ አውጥቶ ነው ያለው። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ቄስ ገዳሙም አልተቆጧትም።

“በይ አንቺ ቅደሚ” አሉ አያ ይታያል። “በዚህ ሰዓት ካንቺ በቀር ለማንም አትከፍትም። ነጠላሽን አስተካክዪው፣ ገና ስታይሽ እንዳትደነግጥ። ምንም አትናገሪ። በሩ ሲከፈት እኛ እንገባለን።”

ነጠላዋን አስተካከለችና ሄደች። ሰዎቹ የአጥሩን ጥግ ይዘው ተከተሏት።

አልቅሺ አለች ራሷን። ጌቱን ከሙሉቀን ጋር በአንድ ሳህን ያበላችው እሷ አይደለችም እንዴ? ሲሄዱ እየሳቀ ግንባሯን የሳማት ጌቱ አይደለም? እንባዋ እምቢ አለ። ሆዷ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለ፣ ልጄ አለ። እግሯ ሳይቀር ቀለላት። አፈረች። ማፈሯ ግን ደስታዋን አላጠፋላትም።

አንኳኳች።

“ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“ሥራዬ? መጣሁ፣ ጫማ ላድርግ።”

በሩ ተከፈተ። ምሥራቅ ፀጉሯን እንኳ አልሸፈነችም። ቀና ብላ የሥራነሽን ፊት አየች፤ አየችና ዓይኗ እዚያው ቀረ። ሥራነሽ ፊቷን ልታጠቁር ታገለች። ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም።

“ደወሉ” አለች ምሥራቅ። መጠየቋ አልነበረም። “ሁለቱም ደወሉ። ፊትሽ ነገረኝ፣ ሥራዬ፣ ፊትሽ ነገረኝ።”

“ምሥራቅ…”

አልሰማቻትም። አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋም እልልታውን አቀለጠችው። ከአጥሩ ጥግ የቆሙት ሰዎች አልተንቀሳቀሱም። አያ ይታያል ጋቢያቸውን በዓይናቸው ላይ ሳቡት።

ከጉሙ ወዲያ፣ ነገሩን ያልሰማች አንዲት ሴት ከቆርቆሮ አጥሯ ውስጥ ሆና እልል ብላ ተቀበለቻት። እሷን ተከትላ ሌላዋ።