ልጅ የሌለበት በርሜል

ሰው ሊፍት ለመሳፈር ብቻ ደምበል ሕንፃ ድረስ በሚሄድበት ዘመን፣ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ የቀበሌ ግቢ ሁለት በርሜሎች ነበሩ። አንዱ የጋሽ ዘነበ፣ ሌላው የጎረቤታቸው የሱሌማን። በሁለቱም ውስጥ የሚርመሰመሰው የውሃ ቁንጫ ነው፤ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ፣ እየዘለለ የሚዋኝ ፍጥረት።

ዘሩን ያመጣችው የጋሽ ዘነበ ሚስት መድኃኒት ነበረች። የምትሠራበት ሆቴል የዓሣ ገንዳውን ሲያፈርስ ሦስት ቀያይ ዓሦችና አንድ ጣሳ ቁንጫ ይዛ መጣች። ዓሦቹ ዳቦ ቢሰጧቸው አይነኩም፤ ከቁንጫ በቀር የሚበሉት የለም። ከጣሳው ቀንሳም ለሱሌማን ሰጠችው።

"የሱሌማን እጅ ለም ነው፤ እሱም ጋ ዘር ይቀመጥ" አለች።

ጋሽ ዘነበ ዘሩን መስጠቷን አልወደዱትም። እጁን ማመስገኗን ደግሞ ጨርሶ አልወደዱትም።

መድኃኒት ባለፈው ክረምት አረፈች። ነፍሷ ልትወጣ ስትል ሱሌማንን አስጠርታ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። ጋሽ ዘነበ ከበሩ ላይ ሆነው የሰሙት መልሱን ብቻ ነው።

"እሺ እህቴ፣ ወላሂ!"

ምን እንዳለችው አልጠየቁም። ባል ያልሰማውን ጎረቤት ሰማ። ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ነፍስ ዓሦቹ ሆኑ። ጠዋት የዓሦቹን ገንዳ መስታወት በጣታቸው መታ መታ ሲያደርጉ ሦስቱም አፋቸውን እየከፈቱ ይመጣሉ፤ መድኃኒትም እንዲሁ ነበር የምትጠራቸው። እነሱ የሞቱ ቀን በዚያ ቤት ውስጥ ከሷ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር አይኖርም።

ጋሽ ዘነበ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ማታ ማታ ቁንጫዎቹን በማጥለያ ያወጣሉ፣ በርሜሉን በሳሙና ይፈትጋሉ፣ ከቧንቧው አዲስ ውሃ ይሞላሉ፣ መልሰው ይለቋቸዋል። ሱሌማን ግን ውሃውን ፀሐይ ላይ አውሎ አሳድሮ አረንጓዴ እስኪሆን ይተወዋል። ይባስ ብሎ የበግ በጠጥ ጣል ያደርግበታል።

"ጋሼ፣ የቧንቧው ውሃ እንኳ ትንሽ አደር ቢልልዎት . . ." ብሎ ጀምሮ ነበር አንድ ቀን።

"የሚስቴን ነገር አንተ ልታስተምረኝ?"

ሱሌማን አንገቱን ደፋ። ዳግመኛ አላነሣውም።

ታዲያ የዚያ የቆሻሻ በርሜል ቁንጫ መዋለዱ! እናቶቹ ወንድ ሳይጠጋቸው እንቁላላቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ይዞራሉ። ልጆቹ ባደጉ ቁጥር የጠበባቸውን ቅርፊት ያወልቃሉ፤ የተወለቀውም እንደ ገለባ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የጋሽ ዘነበ ውሃ ላይ እንዲህ ያለ ገለባ ታይቶ አያውቅም። በእሳቸው በርሜል ያሉት ሁሉም ትላልቆች ናቸው።

"ጋሽ ዘነበ፣ እዚያኛው መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ የርስዎ ምነው የጡረተኞች ማኅበር ሆነ?" አለ ሚኒባስ ነጂው ረጋሳ፣ በሁለቱም በርሜሎች ላይ አጎንብሶ አይቶ።

ግቢው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ዘነበም ለይምሰል ሳቁ። ገብተው ቁጭ ሲሉ ግን ቀልዱ አልለቀቃቸውም። እውነት፣ የእኔዎቹ ልጆች የት ይሄዳሉ?

መልሱ ሲነጋጋ መጣ። ለጸሎት ተነሥተው መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርጉ፣ ሱሌማን በእሳቸው በርሜል ላይ አጎንብሷል። ጀርባው ነው የሚታየው። በአንድ እጁ ማጥለያ፣ በሌላው ጆግ ይዟል። ሲሄድ ወጥተው መሬቱን አዩ። ከአንዱ በርሜል እስከ ሌላው ጠብታ በጠብታ ነው።

ስለዚህ ትንንሾቹን እየለቀመ ይወስዳል፤ ትላልቆቹን ይተዋል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የሱሌማንን ሚስት ዙለይካን ቧንቧው ጋ አገኟት።

"ባልሽ አንድ ዓሣ የለው፤ ቁንጫው ምን ይሠራለታል?"

ዙለይካ አየት አድርጋቸው ወደ ባልዲዋ ዞረች። "እንጃ ጋሼ። ከኔ ይልቅ እነሱን ነው የሚንከባከበው፤ ጣውንት ሆኑብኝ እኮ!"

ዓይኗን መስበሯን ጋሽ ዘነበ ልብ አሉት። ይሸጣል ማለት ነው፤ ባምቢስ አካባቢ ዓሣ የሚያረቡ ሀብታሞች መቼ ጠፉ። በመድኃኒት ዘር!

ዓርብ ቀን ሱሌማን ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ለጁምዓ ወጣ። እንደ ወትሮው በራቸው ላይ ቆም አለ።

"ጋሼ፣ እስክመለስ ግቢውን አደራ።"

"ሂድ፣ እኔ አለሁ።"

ዙለይካ ገበያ ናት። ጋሽ ዘነበ የበረኪናውን ጠርሙስ ይዘው ግቢውን አቋርጠው ሄዱ። እስከ መጨረሻው ጠብታ ገለበጡት። አረንጓዴው ውሃ ወዲያው ጸጥ አላለም፤ ጥቂት ቆይቶ ነው ጸጥ ያለው። እናቶቹም፣ ልጆቹም።

ማታ እንደ ልማዳቸው የራሳቸውን ቁንጫ አጥልለው፣ በርሜሉን ፈትገው፣ አዲስ ውሃ ሞልተው መልሰው ለቀቁ። ገብተው ሊቀመጡ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ሱሌማን ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ጋሽ ዘነበ የበሩን እጀታ ያዝ አደረጉ። ሱሌማን ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ።

"አውፍ ይበሉኝ ጋሼ። ምን እንደነካብኝ አላውቅም . . . የእህቴን አማና፣ አደራዋን በላሁ።"

ተናዘዘ! ጋሽ ዘነበ ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝተውታል። በቀኝ እጃቸው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

"በቃ ተነሥ። ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ። እግዜር ይቅር ይበልህ።"

ሱሌማን ሌላም ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ እሳቸው ግን በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። መድኃኒት ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኝተው አያውቁም።

ጠዋት ዓሦቹ መስታወቱ ጋ አፋቸውን ከፍተው ሲጠብቁ፣ ጋሽ ዘነበ ማጥለያቸውን ይዘው ወደ ራሳቸው በርሜል ወጡ፤ ዛሬ ከወዲያኛው በርሜል የሚቀዳለት ያጣው የሱሌማን ጆግ ጠርዙ ላይ ባዶውን ተደፍቷል፣ ማታ የለቀቋቸው ትላልቆች ከጥሩው የቧንቧ ውሃ ሥር ነጭ ሆነው ተኝተዋል።