ትንሿ ቀስት

ፋዲል ስህተቱን ያየው አዴ ዲንኪቱ የጆሮ ማዳመጫውን ካጠለቁ በኋላ ነበር። ነገሌ ባለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቁ፣ ሟቹ ባላቸው አባ ቡሌ ስለ ቦረና የውሃ ጉድጓዶች ሲያወጉ የተቀዳውን ድምፅ ወደ አዲስ ኮምፒውተር የገለበጠላቸው መስሎት፣ አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አድርጎ ያለበትን ሁሉ አጥፍቶታል። አሁን ግን በእያንዳንዱ ፋይል ምስል ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አየ። ፕሮግራሙ የገለበጠው ድምፁን ሳይሆን ድምፁ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመውን ምልክት ብቻ ነበር፤ ያ ቦታ ደግሞ ከእንግዲህ የለም።

አንዱን ሲከፍተው ስክሪኑ ላይ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አዴ ዲንኪቱ አላዩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ጫን አድርገው፣ ውሃ የሞላ እንስራ እንደተሸከመ ሰው ሳይነቃነቁ ተቀምጠው ነበር።

«አዴ» አለ ፋዲል። «አንድ ነገር ልንገርዎት።»

አንድ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ፊታቸው ላይ፣ ፋዲል የአባ ቡሌን ለቅሶ ሊደርስ የሄደ ቀን ያላየው እርጋታ ነበር።

«ቆይ ልጄ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አባ ቡሌ ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ዝም ይላል።»