የአቀባበሉ ቅስት

የተከበበችው ከተማ እህል ጨርሳ ነበር፤ የካድሬው ቀይ ቀለም ግን አላለቀም። ከበባውን የሚሰብረው ነጎድጓድ ክፍለ ጦር ተቃርቧል የሚል የሬዲዮ መልእክት ሲመጣ፣ ካድሬው የክፍለ ጦሩ ጄኔራል የሚገቡበት ቅስት ካልተሠራ ብሎ ሠፈሩን አተራመሰው። እንጨት ሲጠፋ የሰሜኑ ምሽግ የተከደነበት ግንድ እንዲነቀል አዘዘ።

"ጓድ ካድሬ፣ ጣሪያው ከተነሳ እኮ መድፍ ሲዘንብብን እናልቃለን" አለው የምሽጉ አዛዥ ሃምሳ አለቃ ጉርሜሳ።

"ታዲያ ጄኔራሉ እንደ ቀን ሠራተኛ ዝም ብለው ይግቡ ነው የምትለኝ? ደግሞስ ድል ደጃፋችን ደርሶ ምሽግ ምን ይሠራልሃል?"

ግንዱ ተነቀለ። ቅስቱ ቆመ፤ "ጀግናው ነጎድጓድ ክፍለ ጦር እንኳን ደህና መጣህ!" ተብሎም ተጻፈበት። በማግስቱ ማለዳ ከተማዋን የከበቡት አማፂያን የሰሜኑን ምሽግ በመድፍ ደብድበው፣ ጉርሜሳንና ወታደሮቹን አፈር ውስጥ ትተው በዋናው መንገድ ገቡ።

ቅስቱ ሥር ሲደርሱ መሰላል ላይ የወጣ ሰው አገኙ። ጽሑፉ እንዳለ ነው፤ "ነጎድጓድ" የሚለው ብቻ በነጭ ተቀብቷል።

ካድሬው ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክሮ ቁልቁል ተመለከተ።

"ጓዶች፣ የእናንተ ክፍለ ጦር ስሙ ማን ይባላል?"