ከውኃው ሥር ያለ ድምፅ

ቀሺ ገብረሃንስ መስቀላቸውን ጩኸት ወደሚወጣበት ስፒከር አስጠጉ። «ማን ነህ? ስምህን ተናገር!»

«እኔ ነኝ፣ ኣቦይ ቀሺ» አለች ልጄ ሮሃ ከላፕቶፑ ኋላ። «የምጮኸው እኔ ነኝ።»

«ኣንቺን አልጠየቅኩም፣ ጓለይ፣ ልጄ። ያደረብሽን ነው።»

እኔ መስኮቱን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ስቤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ሮሃን ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት እኔ ነኝ፤ ያ ጩኸት ከእሷ ጉሮሮ ይወጣል ብዬ ማመን ግን አቃተኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማሁት ጠበል ቦታ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጥቁር በጥቁር መልበስ ጀመረች፣ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ጊታር ገዛች፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ብቻዋን ከከተማ ወጥታ ዓይናለም እየሄደች ነፋስ መቅዳት መጣ። ነፋስ! ሰው ጤና እያለው ነፋስ ይቀዳል?

ስለዚህ የንስሐ አባታችንን ቀሺ ገብረሃንስን ጠራሁ። ሮሃ ስትቆጣ ቆይታ በመጨረሻ ቃል ገባች። አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ይስሙት፤ መንፈስ ነው ካሉ አልበሙን አጠፋዋለሁ፣ ጠበልም እገባለሁ አለች። ዓመታት የለፋችበት የመጀመሪያ አልበሟ ነው። የሙዚቃው ዓይነት ብላክ ሜታል፣ ጥቁር ብረት፣ ይባላል አለችኝ። ስሙን ስሰማ ጭራሽ ባሰብኝ።

«ድምፁን ቀንሺው» አልኳት። «ኣሰለፈች ትሰማለች።» ኣሰለፈች ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት።

ዘፈኑ ማለቂያም የለው። ጩኸቱ ቆሞ አለቀ ስል ጊታሩ ሌላ መንገድ ይይዛል፤ ዝግ ያለ፣ የሚያሳዝን። ወፎች ይሰማሉ፣ ባሕር ዛፍ ይንሿሿል። እውነት ለመናገር ያምራል፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ቀሺም ሳይታወቃቸው በጣታቸው ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ። ሳፈጥባቸው ሰበሰቡት።

ከዚያ ውኃ መጣ። በርሜል ውስጥ የሚወርድ ውኃ።

«እንታይ እዩ እዚ? ምንድን ነው ይሄ? ዝናብ ነው?»

«የጓሯችን ቧንቧ ነው» አለች ሮሃ፣ እኔን እያየች። «ውኃ የመጣ ቀን የቀዳሁት።»

ቀሺ ጆሯቸውን አስጠጉ። ፊታቸው ተለወጠ። «ከውኃው ሥር ሰው አለ። ያለቅሳል። ይሄ ያንቺ ድምፅ አይደለም።»

እኔ ድምፁን አወቅኩት፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ከደብረ ታቦር ተድሬ መቐለ የገባሁት ሮሃ ሳትወለድ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ስልክ እንደተከፈተ ከአገሬ ደወሉልኝ። ወንድሜ ወልደጊዮርጊስ ሞቷል አሉኝ፤ ከወዲያኛው ወገን ተሰልፎ። ከግድግዳው ማዶ ኣሰለፈች፣ ልጇ በዚህኛው ወገን ወድቆ፣ ሬሳውን እንኳ ሳታገኝ ተቀምጣለች። በምን አፌ እሪ ልበል? ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለሮሃ አጎትሽ ታሟል አልኳት። ውኃ በመጣ ቁጥር ቧንቧውን እከፍትና ድምፁ ውስጥ ተደብቄ አለቅሳለሁ። ማንም አይጠረጥርም ብዬ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። «ትሰልይኝ ነበር?»

«ወፍ ልቀዳ ነበር የወጣሁት፣ እማዬ። በርሜሉ ሞልቶ ይፈስ ነበር። አንድ ጣሳ ውኃ ብደፋ የምትጮኺብኝ ሴትዮ፣ ግቢው በሙሉ ሲጥለቀለቅ ቧንቧውን አልዘጋሽውም። ያኔ ነው አጎቴ እንደሞተ የገባኝ።»

ስፒከሩ ውስጥ ልቅሶው ከፍ ማለት ጀመረ፤ ወዲያው ደግሞ ታፈነ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ የጠቀጠቅኩባት ቅጽበት ናት። እና እዚያው ላይ፣ እኔ ባቆምኩበት ቦታ፣ የልጄ ጩኸት ተነሣ። አሁን አላስፈራኝም።

ቀሺ መስቀላቸውን ወዴት እንደሚያዞሩት ጠፋቸው። ስፒከሩን አዩ፣ ሮሃን አዩ፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ናት?» አሉ። የቅድሙ ቁጣ የለም።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥኩ፤ መስኮቱንም ከፈትኩት።

«ድምፁን ጨምሪው» አልኳት ሮሃን።

«ኣሰለፈች ትሰማለች እኮ።»

«ትስማ።»